የባለቤቴ ድድና የጨንቻ ፖም

በቅድሚያ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የምጽፈው ስለ ድድ ነው፤ ያውም ስለ ገዛ ባለቤቴ ድድ። በሥርዓት ያደገ ሰው ስለ ሚስቱ ዐይን ይጽፋል፤ ስለ አንገቷ ይጽፋል፤ ደፋር ከሆነ ስለ ጥርሷ። ድድን ግን የድሮዎቹ እንኳ ያሞገሱት ተነቅሶ ሲጠቁር ነው። እንዲያው በባዶው፣ ቀይ እንደሆነ፣ ዞር ብሎ ያየው የለም። ይህን ሁሉ እያወቅሁ መጻፌ ድፍረት መሆኑን አምናለሁ። ቢሆንም ጨዋነቴ እስከዚህች መስመር ድረስ አብሮኝ ነበር፤ ምስክር ሁኑኝ።

እኛ ሰዎች ሰውነታችንን በቀበሌ ከፋፍለን የምንኖር ፍጥረቶች ነን። ጥርስ አንድ ቀበሌ ነው፤ ማሕፀን ሌላ ቀበሌ ነው። ሕመም መሸኛ ሳይዝ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገር አይመስለንም። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እያልን እንተርታለን፤ ጥርስ ሲያመን ግን ሥሩ መንጋጋ ውስጥ ያለቀ ይመስለናል። እኔም ከአስተራረቱ እንጂ ከአፈላለጉ አልነበርኩበትም።

የፖም ባለሙያ ነኝ። ሳምንቱን ጨንቻ ከዛፎቹ ጋር እሰነብትና ቅዳሜ አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር ወዳለው ቤታችን እወርዳለሁ። ጨንቻን ለማታውቁ፣ እዚያ ጉም በበር ገብቶ ወንበር ስቦ ይቀመጣል። ሰው ቆሞ ሕልም ቢያይ አይፈረድበትም። ባለቤቴ አስቴር ደግሞ አስተማሪ ናት። እሑድ እሑድ ከመዘምራኑ ፊት ወጥታ ብቻዋን የምትዘምረው እሷ ነበረች። ታዲያ አንድ ሰሞን አፏን በነጠላዋ ጫፍ እየጋረደች መሳቅ ጀመረች። ቀጥላ ከኋለኛው መስመር ቆመች፤ ከዚያ ጭራሽ ቀረች። ድዷ አብጧል፤ ጥርሷን በነካካች ቁጥር ይደማል። ጠዋት የምትተፋው ውሃ ቁርጥ የአባያ ሐይቅን ቀላ ያለ መልክ ይዟል።

ጎረቤት መቼም መልካም ነው፤ መድኃኒት አልነፈገንም። አንዷ ጨው በሞቀ ውሃ አለች፤ ሌላዋ ነጭ ሽንኩርት። ሦስተኛው የዳጣው ቃሪያ ነው ብሎ ዳጣችንን ወሰደው፤ እስካሁን አልመለሰውም። ከሁሉም በላይ የሽፈራው ቅጠል ታዘዘልን። በኛ ከተማ ሽፈራው የማያድነው በሽታ ገና አልተፈጠረም፤ የሚሞት ሰው ቢኖር ቅጠሉን በደንብ ያልቀቀለ ነው።

እውነተኛውን ምርመራ ያደረጉት ግን ከኦቾሎ የወረዱት አማቴ ናቸው። የልጃቸውን አፍ ከፍተው አዩና እኔን ወደ ጓሮ ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ድድ ሲደማ ምን እንደሆነ አታውቂም?» አሉኝ። አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም፤ ምስጢር ግን ይለያል።

«አላውቅም፣ እማማ።»

«አስቴር ጸንሷል! እኔም እሷን ስይዝ እንዲህ ደምቶ ነበር። ዝም በይ፤ ራሷ እስክትነግርሽ እንዳትጠይቂ።»

አልጠየቅሁም። ከተጋባን ጀምሮ ስንጠብቀው የኖርነው ልጅ በድድ በኩል መምጣቱ ትንሽ ቢገርመኝም፣ እግዜር በየት በኩል እንደሚሠራ ማን ያውቃል? ጨንቻ ወጥቼ በጉሙ ውስጥ ስመላለስ አንድ ሕፃን ከዛፍ ወደ ዛፍ እየተደበቀ ይከተለኝ ጀመር። ዘወር ስል ጉም ይሆናል፤ ስራመድ ኮቴው ይሰማኛል። ስም አወጣሁለት። የግርጌዋን ቅርንጫፍ ቁመቱ እንዲደርስባት ሳልቆርጥ ተውኳት። እናንተ ትስቃላችሁ፤ እኔ ግን በዚያ ሰሞን ከሥራ ባልደረቦቼ ይልቅ ከልጄ ጋር ብዙ አውርቻለሁ።

በዚህ መሃል የአስቴር የፊት ጥርስ ተነቃነቀ። «ይነቀልልኝና ልረፍ» አለችኝ። የፊት ጥርስ የሌላት ዘማሪ! እጇን ይዤ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት።

ሐኪሙ ከሌላ አገር የመጣ፣ በቅርቡ የተመረቀ፣ ከትሕትናው ብዛት ወንበሩን ሳይቀር ይቅርታ የሚጠይቅ ልጅ ነው። ሥራዬን ጠየቀኝ፤ ፖም መሆኑን ነገርኩት። የአስቴርን አፍ በጥጥ ሞልቶ ብዙ አየ። ከዚያ ፊቱ ቀላና ወደ እኔ ዞረ።

«ይቅርታ፣ ጋሼ… አበባውስ? ጊዜውን ይጠብቃል?»

ደስ አለኝ። የፖም ነገር የሚገደው ወጣት ብርቅ ነው።

«ኧረ ዘንድሮስ የውሃ ሽታ ሆኗል! አምና ያለ ጊዜው ከች ብሎ ጉድ አረገን፤ አሁን ደግሞ ስንጠብቀው ስንጠብቀው ቀረ።»

«ሲመጣስ፣ መጠኑ?»

«አንድም አያስተማምንም። አንዳንዴ እዚህም እዚያም ጠብ ይላል፤ አንዳንዴ መሬቱን ያለብሰዋል።»

ሐኪሙ ጭንቅላቱን በሐዘኔታ ነቀነቀ። «ምን ሕክምና ሞከራችሁ?»

«ፍግ አስታቀፍነው» አልኩት።

የያዘው መስታወት ከእጁ አምልጦ ወለሉ ላይ ተንኳኳ። አስቴር ወንበሩ ላይ ተንፈራፈረች። መጀመሪያ አመማት ብዬ ነበር፤ ለካ እየሳቀች ነው። ጥጡን ከአፏ አወጣችና፣

«አንተ ሰውዬ! የሚጠይቀው ስለ እኔ ነው!» አለች። ከዚያ ሳቋ ጠፋ። ዐይኗን ከእኔ አሽሽታ ለሐኪሙ መለሰችለት። «የተናገረው ሁሉ ግን ልክ ነው፣ ዶክተር። የወር አበባዬ ተዛብቷል። እርግዝናም አይደለም፤ ተመርምሬያለሁ።»

ያ ሕፃን ከዛፍ ወደ ዛፍ ሄደ፤ ሄደ፤ ጉም ሆነ።

ሐኪሙ ለሁለታችን በቀስታ አስረዳን። ድድን የሚያሳምመው ጥርስ ላይ የሚጋገረው ቆሻሻ ነው። የሴት ልጅ ሆርሞን ሲዛባ ግን ድዷ ለትንሹም ቆሻሻ ይቆጣል፤ ያብጣል፤ ይደማል። በእርግዝናም ይህ ይደርሳል፤ ስለዚህ አማቴ ፈጽሞ አልተሳሳቱም፤ ሐኪም እንደሚሳሳተው ያህል ነው የተሳሳቱት። «ጥርስዎ አይነቀልም፣ እህቴ። ዛሬ ይጸዳል፤ እንከታተለዋለን። ከዚህ ሲወጡ ግን የማሕፀን ሐኪም ይዩ፤ ድዱ የነገረንን እዚያም መስማት አለባቸው» አላት።

ስንመለስ ሁለቱ ሐይቆች ቁልቁል ከሚታዩበት ጠርዝ ላይ ተቀመጥን። ጀምበሯ እያዘቀዘቀች ጫሞ እንደ መስታወት ሆኗል።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ከጨንቻ በወረድክ ቁጥር ፊትህ ላይ ልጅ ነበረ። በየት በኩል ልንገርህ?»

ከታች የዓሣ አጥማጆቹ ጀልባ የሚሄድ ሳይሆን የሚያልም ይመስል ነበር።

«ስምም አውጥተህለታል፣ አይደል?»

«አውጥቻለሁ።»

«ማን አልከው?»

ነገርኳት። ሳቀች። ነጠላዋን አላነሳችም፤ አፏንም አልከለለችም። ጥርሷ ላይ ትንሽ ደም ነበረ። ከዚያ አለቀሰች፤ እኔም የጀልባውን ነገር በጥሞና ተመለከትኩ።

የማሕፀን ሐኪሟ የእንቁላል ማመንጫዎቿ ሆርሞን ሚዛኑን መሳቱን አረጋገጠችልን። ብዙ ሴቶች ያለባቸው፣ ሕክምና ያለው፣ የልጅ ተስፋንም የማይዘጋ ነገር ነው አለች። መድኃኒቱ ተጀመረ፤ የጥርሱ ጽዳትም ቀጠለ። ድዷ ጋብ አለ፤ ጥርሷም ቦታዋን ያዘች። አስቴር አንድ እሑድ ከመዘምራኑ ፊት ወጥታ አፏን ከፍታ ዘመረች። ልጁ ገና አልመጣም። እየጠበቅነው ነው፤ አሁን ግን አንድ ላይ ነው የምንጠብቀው።

የዚያኑ ዕለት አንዲት ዘማሪ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ጎተተቻት። «አስቱዬ፣ ለማንም እንዳትነግሪ እንጂ የእኔም ይደማል። ያኛውም ነገር ከቀረ ሰነበተ።» አስቴርም ለማንም እንዳትነግሪ ብላ የራሷን ነገረቻት፤ ሐኪሞቹንም ጠቆመቻት። ያችኛዋ ለማንም እንዳትነግሪ ብላ ለእህቷ ነገረች፤ እህቷ ለጎረቤቷ። ይኸው ዛሬ በሐኪሙ በር ላይ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያደረጉ ሴቶች ተደርድረው፣ አንዷ ሌላዋን እንዳላየች ሆነው ተቀምጠዋል።

እንግዲህ እኔም የሰማሁትን ለማንም እንዳልናገር ምዬ ነው የሰማሁት። እናንተም አደራ፣ ይህን ነገር ለማንም እንዳትናገሩ። ለእህታችሁም ቢሆን፤ ድዷ ካልደማ በቀር።