በርቢ ልትሰጥ የነበረች ዲስክ

ሳጥኑ ሲጮህ ዲስኳ ኮቴ ኪስ ውስጥ ነበረች። ቶሎ የምደነግጥ ሰው አይደለሁም፤ ያን ቀን ግን መጥረጊያዬን አንስቼ የተጠረገ ወለል መጥረግ ጀመርኩ። ዘሐራ ከፊተኛው ክፍል ሙሽሮች እያነሳች ነበርና ካሜራዋን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ሮጣ መጣች።

«አባ ይመር፣ ምን ሆነ?»

እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። ዝምታ ያስከብራል ይላሉ፤ ኪስ ባዶ ሲሆን ነው።

እዚህ ከሚሴ የዘሐራን ፎቶ ቤት የምጠብቀው፣ የምጠርገውም እኔ ነኝ። የምታነሳው የሰርግ ቪዲዮ ሁሉ የሚቀመጠው አራት ዲስክ በጎረሰ አንድ ጥቁር ሳጥን ውስጥ ነው። የልጄም ሰርግ እዚያ ነው። ሟች ባለቤቴ መሪማም እዚያው ናት። ፎቶዋ የለኝም፤ ድምጿም ሌላ ቦታ የለም። ዘሐራ፣ አላህ ይስጣት፣ ናፈቀችኝ ባልኳት ቁጥር ሳትሰለች ትከፍትልኛለች።

ታዲያ ሰሞኑን ከጎናችን ያለ ሱቅ ተቃጠለ። ሐሳብ ገባኝ። ዘሐራ፣ ዲስኩ አራት የሆነው አንዱ ቢሞት ሌሎቹ እንዲያተርፉት ነው ብላኛለች። እሺ፣ አራቱም አንድ ላይ ቢቃጠሉስ? አባቴ ላሞቹን ሁሉ ጨፋ አያሳድርም ነበር። ሁለቱን ባቲ ላለ ዘመዱ በርቢ ይሰጣል፤ ዘመድ ያልባል፣ ጥጃውን ይካፈላሉ። አንድ ዓመት በሽታ ገብቶ የጨፋውን በረት ሲያራቁተው ያተረፉን የባቲዎቹ ናቸው። እኔስ አንዷን ዲስክ ጨፋ ሮቢት ወንድሜ ዘንድ ባስቀምጥ ምን አለበት? የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ? ሳብኳት፤ ወጣች። ሁለተኛዋንም ልጨምር ብዬ ሳብኩ። እሷ ጠንክራ እምቢ አለችኝ። ከእሷ ጋር ስታገል ሳጥኑ ጮኸ።

«አባ ይመር?» አለች ዘሐራ ደግማ።

አውጥቼ ሰጠኋት። የርቢውንም ነገር ነገርኳት። አልተቆጣችም፤ ፊቷ ግን አመድ መሰለ። ወዲያው ኮምቦልቻ ደወለች። ኮምፒውተር የሚጠግነው ጀማል በሚኒባስ መጣ።

ዲስኳን ቦታዋ መለሳት። ሳጥኑ የጎደለውን ከሦስቱ እየቀዳ እስኪሞላት ድረስ ተቀመጥን።

«አባባ፣ እነዚህ እንደ ላም አይደሉም» አለኝ፤ የርቢውን ነገር ከዘሐራ ሰምቷል። «እያንዳንዷ የያዘችው ቁራሽ ነው። ሦስቱ ካሉ የአራተኛዋን ይሞላሉ። አንዷ ብቻዋን ጨፋ ብትሄድ ግን አንድ ቃል አታወራም። ደግነቱ አንድ ብቻ አወጡ፤ ሁለት ቢሆን ኖሮ እኔም የጠፋውን መመለሴን እንጃ።»

ስለ ሁለተኛዋ አልነገርኩትም። ለዚያች ግትር ዲስክ ግን በልቤ ዱዓ አደረግኩ። አልሐምዱሊላህ፣ እንደኔ ላለው ሰው ብረትም ያስብለታል።

ጀማል ወደ ዘሐራ ዞረ። «አንቺስ? አራቱንም አንድ በረት አስረሽ ተኝተሻል። ሌባ ሳጥኑን ቢሸከመውስ? ሽማግሌው መንገዱን ሳቱ እንጂ ሐሳቡ የሳቸው ነው ትክክል። ሁሉም የተገለበጠበት ሌላ ዲስክ ውጭ ይደር።»

ሰማችው። ትልቅ ዲስክ ገዛች፤ ያለውን ሁሉ ገለበጠችበትና ወንድሜ ዘንድ እንዳስቀምጥላት ሰጠችኝ። ለእኔ፣ ለዚያውም ከዚያ ሁሉ በኋላ። ገለቶሚ ብዬ በኦሮምኛ አመሰገንኳት።

ከመሄዴ በፊት፣ ግልባጩ መሥራቱን እንይ ብላ የልጄን ሰርግ ከአዲሱ ዲስክ ከፈተችው። ያን ጊዜ ጢሜ ገና አልነጣም። ወደ ካሜራው እየተጠጋሁ፣ ወደ ኤሌክትሪክ ገመዱ እጄን ስሰድ ታየሁ። መሪማ ከኋላዬ ብቅ አለች፤

«አንቱ፣ የሰው ዕቃ አይንኩ እያልኩ። ኋላ ያበላሻሉ።»