ኦቦ ኢዶሳ መጋዝ ሲመርጡ

ከኦቦ ኢዶሳ ጋር ገበያ መዋል በቀን ምን ያህል እንደሚያስከፍል አስልቼዋለሁ። አንድ የጫማ ሶል። ግማሽ ቀን፣ ክረምት ከሆነ ሙሉ ቀን። ከሦስት ባለሱቅ ጋር መኮራረፍ። ልጅ ታዝሎ ከሆነ ደግሞ አንድ ወገብ። በዚህ ሁሉ የሚገዛው ምንድን ነው? ምንም። እጅ ባዶ፣ ጆሮ በምክር ሙሉ ሆኖ ወደ ቤት መመለስ ነው።

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። አልጋ የሚገዛ፣ በግ የሚገዛ፣ ቆርቆሮ የሚገዛ ሁሉ "ዕቃ ያውቃሉ" የሚባሉትን አንድ ሰው አስቀድሞ ነው የሚሄደው። እኔ ግን ደርሼበታለሁ፤ እነዚህ ሰዎች የሚያውቁት ዕቃ ሳይሆን የዕቃ እንከን ነው። መንግሥተ ሰማያት ቢገቡ እንኳ በሩን ሁለት ሦስቴ ከፍተው ዘግተው፣ ማጠፊያው ይጮሃል ብለው የሚመለሱ ይመስለኛል።

የእኛ ሰፈሩ ኦቦ ኢዶሳ ይህን ሥራ አርባ ዓመት ያለ ደመወዝና ያለ ዕረፍት ሠርተዋል። ማዕረጉን ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ፤ ክቡር የእንከን መርማሪ። ዕቃውን ያነሳሉ፣ ይገለብጣሉ፣ በጣታቸው ያንኳኳሉ፣ ያሸታሉ፣ ጆሯቸው ሥር አድርገው ያዳምጣሉ። ከዚያ "ላኪ" ይላሉ። በኦሮምኛ "አይሆንም" ማለት ነው። ከእሳቸው አፍ ሲወጣ ግን ይግባኝ የሌለው ፍርድ ነው።

ባሌ መርጋ ስልክ ሊገዛ ሲል ይዟቸው ሄዶ ነበር። ስልኩን እንደ ቅል አንኳኩተው "ላኪ፣ ውስጡ ባዶ ነው" አሉት። ስንጋባ ደግሞ አምቦ አንድ ሱቅ ውስጥ አልጋ ሊፈትኑልን ጋደም አሉ። ባለሱቁ ምሳውን በልቶ ሲመለስ እንደተጋደሙ አገኛቸው። ሲነቁ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? "ላኪ፣ ይሄ አልጋ ያንኮራፋል።" የሚያንኮራፋው ማን እንደነበረ እስከ ባጃጅ ተራው ድረስ ተሰምቷል።

ለዚህ ነው የአምቦ ባለሱቆች ገና ከሩቅ ሲያዩአቸው በርጩማቸውን አንስተው ወደ ውስጥ የሚያስገቡት። ከተቀመጡማ ማን ያስነሳቸዋል!

አሁን ወደ መጋዙ ልምጣ።

ሰፈራችን ከአምቦ ወደ ጉደር ከሚወስደው አስፋልት ወደ ውስጥ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ነው። መኪና አይገባም። መንገዷ ጠባብ፣ ግራ ቀኟ ባሕር ዛፍ ነው። ክረምት ገብቶ መሬቱ ሲርስና ነፋስ ሲነሳ፣ ዛፉ እየተነቀለ መንገዷ ላይ ይጋደማል። በመጥረቢያ አንዱን ፈልጠን ሳንጨርስ ሌላው ይወድቃል።

ልጄ ዱሬቲ የተወለደችው ከእንዲህ ዓይነቱ ግንድ ሥር ነው። ምጥ ይዞኝ በቃሬዛ ሲያወርዱኝ ሦስት ዛፍ ተደራርቦ መንገዱን ዘግቶት ደረስን። ቃሬዛ በላዩ አያልፍ፣ በሥሩ አይሾልክ፣ ጎንና ጎኑ ገደል። አምቡላንሱ አስፋልቱ ላይ ይጠብቃል፣ እኔ ከግንዱ ወዲህ እጠብቃለሁ፣ ዱሬቲ ግን አልጠበቀችም። ዝናብ ላይ ወለድኳት። ብዙ ደም ፈሰሰኝ። የጤና ባለሙያዋ በእግሯ መጥታ ባትደርስልኝ ይህን የምጽፍላችሁ እኔ አልነበርኩም።

ዘንድሮ ደግሞ የመርጋ እህት ሃዋኒ አረገዘች። የምትወልደው በነሐሴ ነው ተባለ። ነሐሴ! ዛፉም ያው ዛፍ፣ መንገዱም ያው መንገድ። እኔም ማልኩ፤ ሃዋኒ ከግንድ ሥር አትወልድም።

በእድር ስብሰባ ላይ ተነሳሁ። "እድራችን ለሞተ ሰው ድንኳን አለው፣ ወንበር አለው፣ ድስት አለው። ለሚወለደውስ ምን አለው?" አልኩ። ተመክሮበት መንገዱን የሚከፍት የሞተር መጋዝ ይገዛ ተባለ።

የእድራችን ዳኛ ኦቦ ሌታ ጋቢያቸውን አስተካክለው "ከተገዛ ትልቁ ይገዛ። የእድር ዕቃ ሲያዩት ማስከበር አለበት" አሉ። እንዲህ በማለታቸው አይፈረድባቸውም። እድር ድስት ሲገዛ ሁለት መቶ ለቀስተኛ የሚያበላውን ነው፤ ድንኳን ሲገዛ ሰፈሩን የሚያለብሰውን ነው። መጋዙም እንደ ድስት ታሰበ። ከወንዙ ማዶ ያለው እድር በዚሁ ሒሳብ የጣውላ ነጋዴዎች የሚይዙትን ግዙፍ መጋዝ ገዝቶ ነበር። ለማንሳት ሁለት ሰው፣ ለማስነሳት ደግሞ ጸሎት ይፈልጋል። አሁን ከድንኳኑ ሸራ ሥር ተኝቷል።

መራጭ ማን ይሁን ሲባል ሁሉም በአንድ አፍ "ኦቦ ኢዶሳ!" አለ። "አያንቱም አብራ ትሂድ፣ አሥራ ሁለት ጨርሳለች፣ የመጋዙን መመሪያ ታነባለች" ተብሎ እኔም ተጨመርኩ። በሰኔ መጀመሪያ ዱሬቲን አዝዬ ከክቡር የእንከን መርማሪ ኋላ ተከተልኩ።

መጀመሪያ አምቦ፣ ዘገየ የሚባል ባለሱቅ ጋ ገባን። በርጩማው ወዲያው ተሰወረ።

"ኦቦ፣ ይሄ የመጨረሻው ነው። ግንዱን እንደ ጎመን ነው የሚቀረድደው" አለ ዘገየ።

"ክብደቱስ?"

"ስምንት ኪሎ ቢሆን ነው። ለወንድ ምን አላት!"

ኦቦ ኢዶሳ ወደ እኔ ዞሩ። "ኢንታላ ኮ፣ ያዢው።" ልጄ ማለታቸው ነው።

"እኔ?"

"ያዢውና ሱቁን ዙሪ።"

"ልጅ አዝያለሁ እኮ!"

"ልጅቷን ወዲህ በያት።"

ዱሬቲን ተቀበሉኝ። መጋዙን ታቅፌ የዘገየን ሱቅ ዞርኩ። በሦስተኛው ዙር ክንዴ ይንቀጠቀጥ ጀመር፣ በአምስተኛው አስቀመጥኩት። "ላኪ" አሉ። ዘገየ ሳቁን መያዝ አቅቶት "ኦቦ፣ ግንዱን የምትቆርጠው እሷ ናት እንዴ?" ሲል ጠየቀ። እሳቸው የቤንዚኑን ክዳን ከፍተው እያሸተቱ ነበር።

ጉደር ያገኘነው ቀላል ነበር፤ ሲያስነሡትም ወዲያው ተነሣ። ደስ ብሎኝ የእድሩን ገንዘብ ላወጣ ስል፣ "መለዋወጫ ሰንሰለት አለህ?" አሉት ሻጩን። "በሳምንት ከአዲስ አበባ አስመጣለሁ።" "ላኪ። ምጥ ሳምንት አይጠብቅም።"

እጃጂ ከተማ አንድ ጣውላ ነጋዴ ያገለገለ መጋዝ ይሸጣል ተብሎ ሄድን። ኦቦ ኢዶሳ ገልበጥ አድርገው አዩት። "ፍሬኑ የታለ?" ሰንሰለቱን የሚያቆመውን ማለታቸው ነው። ነጋዴው "ለሥራ አይመችም ብዬ ነቀልኩት" አለ። "ጣቶችህስ የታሉ?" ነጋዴው ግራ እጁን ኪሱ ከተተ። ሁለቱ የሉም። "ላኪ።"

አዲስ ዓለም ድረስም ወረድን። ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ላባ የመሰለ መጋዝ። እኔ ወደድኩት። ኦቦ ኢዶሳ ጭራውን ተከትለው ተከትለው ሶኬቱ ላይ ደረሱ። "ጫካ ውስጥ የት ነው የምሰካው? ባሕር ዛፉ ላይ?" ሻጩ መጋዙን ወደ መደርደሪያው መለሰ።

አራት ከተማ። አራት ሳምንት። ሰኔ አለቀ፣ የሃዋኒ ሆድ ገፋ፣ እኛ አንዲት ሰንሰለት እንኳ አልገዛንም። ከአዲስ ዓለም ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ፈነዳሁ።

"ኦቦ ኢዶሳ፣ እርስዎ ዕቃ አይመርጡም፣ ዕቃ ይጠላሉ! ሃዋኒ ግንድ ሥር ስትወልድም ልጁን ላኪ ብለው ሊመልሱት ነው?"

ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየን። እሳቸው ቀኝ ጉልበታቸውን እያሹ በመስኮት ሲያዩ ቆዩና፣ "ኢንታላ ኮ፣ በገበያ ቀን ሰፈር ውስጥ ማን ይውላል?" አሉኝ።

አሰብኩ። ወንዶቹ በጠዋት እህልና ከብት ይዘው ይወጣሉ። "እኛ ሴቶቹ፣ ሕፃናት፣ ሽማግሌዎች" አልኩ።

"ዛፍ ገበያ ቀን አልወድቅም ይላል?"

"አይልም።"

"ስለዚህ መጋዙን የምታስነሺው አንቺ ነሽ። እኔ የምመርጠው ለሌታ ክብር አይደለም፤ ለክንድሽ ነው። ገመዱን ስበሽ በሁለተኛው ካልተነሣልሽ፣ ይዘሽው ዳገቱን ካልሮጥሽ፣ ሰንሰለቱ ሲበጠስ ምትኩ አምቦ ካልተገኘ፣ ቢያመልጥሽ በራሱ ካልቆመ፣ ያ መጋዝ ለእኛ ብረት ነው።"

አምቦ እስክንደርስ ክንዴን እየዳሰስኩ ሄድኩ።

በሐምሌ አጋማሽ ዘገየ ራሱ ደወለልኝ። "እባክሽ ኑ። አንድ አስመጥቻለሁ፣ እሳቸውን ሁለተኛ ላለማየት ስል ነው።" ሄድን። መጋዙ አምስት ኪሎ አይሞላም። የሰንሰለቱ መሄጃ ከክርኔ እስከ ጣቴ ጫፍ ነው፤ ለኛ ባሕር ዛፍ ይበቃል። ፍሬን አለው። መለዋወጫ ሰንሰለቱ መደርደሪያው ላይ ተሰቅሏል። ኦቦ ኢዶሳ አንኳኩ፣ አሸተቱ፣ አዳመጡ። ሱቁን ሃያ ጊዜ ዞርኩ። ገመዱን ሳብኩ፤ በሁለተኛው ጮኸ።

ዘገየ በዓይኑ ይለምናቸዋል።

"መነጽርና ጓንት ከመረቅህ..." አሉ ኦቦ ኢዶሳ፣ "ይሁን።"

ይህን ቃል ከአፋቸው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ዘገየ ከመደንገጡ የተነሳ የደበቀውን በርጩማ አውጥቶ ራሱ ተቀመጠበት።

እድሩ ሲያየው ኦቦ ሌታ "ይሄ መጋዝ ነው ወይስ የመጋዝ ልጅ?" ብለው ሰውን አሳቁ። ማንም ይሳቅ። እኛ ሦስት ሴቶች ከጉደር የመጣ እንጨት ቆራጭ ዘንድ ተማርን። ዘይትና ቤንዚን መቀላቀሉን፣ ሰንሰለት መሳሉን፣ አቋቋማችንን ማስተካከሉን። ልጅ ታዝሎ መጋዝ እንዳይነካ ደንብ ያወጡት ደግሞ ኦቦ ኢዶሳ ናቸው። መጋዙም በገበያ ቀን የማይቆለፍበት ቦታ ይቀመጥ ተብሎ እኔ ቤት ሆነ።

ነሐሴ አሥራ ስድስት። የገበያ ቀን። ሌሊቱን ሲነፍስ ያደረው ነፋስ ገና አልበረደም። ረፋድ ላይ ሃዋኒን ምጥ ያዛት። አምቡላንስ ተደወለ፣ ቃሬዛውን ስድስት ሴቶችና ሁለት ሽማግሌዎች አነሡ። እኔ ዱሬቲን ለጎረቤት ሰጥቼ መጋዙን ይዤ ወደ ፊት ሮጥኩ። ያው ቦታ ላይ፣ የእኔው ቦታ ላይ፣ እንደ በሬ አንገት የወፈረ ባሕር ዛፍ ተጋድሟል። ሁለቱ ጫፎቹ ዳርና ዳር ተደግፈው መካከሉ እንደ ድልድይ ተንጠልጥሏል።

ኦቦ ኢዶሳ እዚያ ናቸው። መቼ እንደቀደሙኝ አላውቅም። እያነከሱ፣ ሽብልቅና መዶሻ ይዘው።

ገመዱን ሳብኩ። አንድ። ሁለት። ጮኸ።

ከላይ ጀመርኩ፣ ጥልቅ እያልኩ ስሄድ "ላኪ! ላኪ!" ብለው ጮኹ። "ግንዱ መጋዙን ይነክስብሻል! ከላይ ሲሶውን ብቻ፣ ከዚያ ከታች ወደ ላይ!" አወጣሁት። ከላይ የከፈትኩት እንዳይገጥም ሽብልቁን መቱበት። ተንበርክኬ ከታች ወደ ላይ ቆረጥኩ። ግንዱ ሲቃ አሰማና ዘጭ አለ። ሁለተኛውንም ጎን ቆረጥኩ። የተቆረጠውን አንከባለን ገደሉ ውስጥ ለቀቅነው። ቃሬዛው ሲደርስ መንገዱ ክፍት ነበር፤ ሴቶቹ ርምጃቸውን እንኳ አላቀዘቀዙም። ሃዋኒ ሳቃ ልታልፍ ምንም አልቀራትም፤ ምጡ ባይመልሳት።

ጤና ጣቢያ፣ አልጋ ላይ፣ ወንድ ልጅ ወለደች። በሰላም።

ከገበያ ሮጦ የመጣው መርጋ ከጤና ጣቢያው ስንወጣ ነው የነገረኝ። ዱሬቲን የወለድኩ ቀን ሦስቱን ግንዶች ተሻግረው አስፋልት ድረስ ሄደው የጤና ባለሙያዋን ያመጡልኝ ኦቦ ኢዶሳ ነበሩ። ሲመለሱ ከርጥቡ ግንድ ላይ አዳልጧቸው ወድቀው ነው ጉልበታቸው የቀረው። "እንዳትነግራት ብለው አስምለውኝ ነበር" አለኝ። ያን ጉልበት ይዘው ነው እንግዲህ አራት ከተማ የዞሩት፤ በርጩማ እየተሸሸገባቸው፣ በሚኒባስ በእኔ እየተሰደቡ።

ሃዋኒ ቤት ስትገባ ኦቦ ኢዶሳ ሕፃኑን ሊያዩ መጡ። ተቀበሉት። ገለበጡት። አሸተቱት። ጆሯቸውን ደረቱ ላይ አድርገው አዳመጡ። ሃዋኒማ ከአልጋዋ ብድግ ልትል ነበር።

"ይሁን" አሉ።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። አምቦም፣ ጉደርም፣ እጃጂም ሱቅ ያላችሁ ሰዎች፤ ባርኔጣ ያደረጉ፣ ቀኝ እግራቸውን የሚስቡ ሽማግሌ ገብተው ዕቃችሁን ማንኳኳት ከጀመሩ፣ የሰፈር ሥራ ላይ ናቸውና አትቸኩሉባቸው። አሁን ለእድሩ ሁለተኛ ቃሬዛ እየመረጡ ነው፤ እስካሁን አራቱን ላኪ ብለዋል። ዕቃችሁን ባይገዙም ግድ የለም። በርጩማውን ግን አውጡላቸው።