ከረባት ያሰረው አሳ አጥማጅ

ሙሉ ልብስ ከነሰደርያው ለብሶ፣ ከረባት አስሮ አሳ የሚያጠምድ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ዘጋቢ ነኝና ያላየሁትን አልጽፍም፤ ደብረ ታቦር ባንክ ቤት ይሠራ የነበረ ጓደኛዬ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ርብ ወንዝ ስንወርድ "አለባበሴ ለአሳው ክብር ነው" ይለኝ ነበር። እውነቱ ግን ወንዙ ዳር ያለ የገበሬ ቤት ልጅ እንድታየው ነበር።

አንድ ቀን አባቷ እየተጣደፉ መጡ።

"ሽማግሌ ሆናችሁ ከመጣችሁ ምነው ወንዝ ዳር ቆማችሁ? ግቡ እንጂ።"

"የለም አባባ፣ አሳ ልናጠምድ ነው" አለ ጓደኛዬ።

ከከረባቱ እስከ ጫማው አዩት። "ለአሳ እንዲህ የለበሰ ለሠርጉ ምን ሊለብስ ነው?"

ልጅቷ ከበሩ ሆና ሳቀች።

"ሽማግሌ ልኬ ያዩታላ፣ አባባ" አለ አንገቱን ደፍቶ።

ላከም። ከሠርጋቸው ወዲህ ርብ የምወርደው ሹራብ ለብሼ፣ ብቻዬን ነው። እስካሁን ግባ ያለኝ የለም።