እሜቴ ይደገም

እትዬ ጠይባ ሰዉን በክርናቸው እየገፉ አልፈው የእህል ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበረከኩና እጃቸውን እስከ ብብታቸው ማሽላው ውስጥ ሰደዱ። ዘግነው አወጡ። አሸተቱ። አንዷን ፍሬ በጥርሳቸው ሰበሩ። ከኋላቸው የጣሊያን ጦር አዛዡ ኮማንዳንቴው ቆሟል፤ የነቀዝ ዱቄቱን ያመጣው ጣሊያናዊ ዶቶሬ ቆሟል፤ ጠመንጃ ያነገቱ የጣሊያን ቅጥር ወታደሮች፣ አስካሪዎቹ፣ ቆመዋል። መንደሩ በሙሉ ከብቦ ይጠብቃል።

«ንጹሕ ነው» አሉ እትዬ ጠይባ።

ጭቃ ሹም ደምሴ ላቡን ጠረገ።

«እስቲ ይደገም» አሉ እትዬ ጠይባ።

እንዲህ ያለ ሰው በየአገሩ አንድ አይጠፋም። ቁናው ተሰፍሮለት ካበቃ በኋላ እንደገና ይሰፈርልኝ የሚል፤ መንገድ ስታሳየው መርቆህ ሄዶ እዚያው ዓይንህ ሥር ሌላ ሰው የሚጠይቅ፤ መርዶ ስታረዳው ከማን ሰማህ የሚል። እግዜር እንዲህ ያለውን የሚፈጥረው ለጎረቤቶቹ ኃጢአት ማስተሰረያ እንዲሆን ነው ይባላል። በቀወት ቆላ፣ ሮቢ ወንዝ ዳር ላለችው ለዚህች መንደር የደረሷት ክብርት እትዬ ጠይባ ነበሩ። ሕዝቡ «እሜቴ ይደገም» የሚል ማዕረግ ሰጥቷቸዋል። ንጉሥ ያልሰጠው ማዕረግ ስለሆነ ጣሊያንም ሊገፍፋቸው አልቻለም።

አሊዩ አምባ ገበያ ላይ ጨው ነጋዴዎች እሳቸውን ከሩቅ ሲያዩ ዕቃቸውን ይሸፍኑ ነበር። የረመዳን ጨረቃ ታየች በተባለ ጊዜ «ያያት ሰው ይምጣና እፊቴ ደግሞ ይያት» ብለው ሙግት ገጠሙ። ሙግቱ እስኪያልቅ ጨረቃዋ ጠልቃ መንደሩ ጾሙን ዘግይቶ ጀመረ። ጨረቃዋ በእውነት ታይታ ነበር። ሼሁ ይቅር ያሏቸው ከንፈራቸውን ነክሰው ነው።

ባላቸው በወባ የሞቱ ዕለት ሽማግሌዎቹ የጥጥ ባዘቶ አፍንጫቸው ላይ አድርገው አዩ። ባዘቶው አልተነቃነቀም። ለቅሶው ሊጀመር ሲል እትዬ ጠይባ እጃቸውን አነሡ።

«ይደገም።»

ተደገመ። ባዘቶው አሁንም ጸጥ አለ። «አሁን አመንኩ» አሉ፤ ደረታቸውን መምታት የጀመሩት ያን ጊዜ ነው።

ከመንደሩ ሰው ሁሉ በእሳቸው የተማረረው አስተርጓሚው ተክሌ ነበር። ጣሊያንኛውን የለቃቀመው መንገድ ሥራ ላይ አፈር እየዛቀ ነው፤ ቤቱም ከእሳቸው ጋር አጥር ይጋራል። ጧት ከደጁ ብቅ ሲል «እስቲ አንድ ነገር በጣሊያንኛ በል» ይሉታል። ይላል። «በል አሁን ያንኑ ድገመው።» ይደግማል። አንዲት ድምፅ ከተለወጠች «ከራስህ ነው የፈጠርከው፣ አንተ ልጅ!» ይሉና ወደ ቤታቸው ይገባሉ። ተክሌ አጥሩን ከፍ አደረገው። እሳቸው ድንጋይ ላይ ወጡ።

የጉድጓዱ ነገር እንዲህ ነው። ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ ጥር ላይ፣ ዶቶሬው በቆርቆሮ ነጭ ዱቄት ይዞ መጣና ነቀዝ ይከለክላል አለ። በደምሴ ደጅ ያሉ ሁለት የእህል ጉድጓዶች ተመረጡ። ባንደኛው ዱቄቱ ከማሽላው ጋር ተቀላቀለ፤ ሌላው እንዲሁ ተደፈነ። ሰኔ መግቢያ ላይ ሁለቱ ተከፍተው ይታያሉ። ዶቶሬውን አንማው፤ አሳቡ ንጹሕ ነበር።

የመክፈቻው ዋዜማ ግን ኮማንዳንቴው ራሱ ይመጣል የሚል መልእክት ደረሰ። በዚያ አገር እንግዳ ፊት የነቀዘ እህል አይወጣም። ቤት ያሰድባል፤ ሴት ያሳማል። ደምሴ የዱቄቱን ጉድጓድ ቀድሞ ከፍቶ አየው። ነቅዟል። ሚስቱንና የሰፈሩን ሴቶች ጠራ። ማሽላውን አወጡ፣ በወንፊት ነፉ፣ በሰፌድ አበጠሩ፣ ፀሐይ ላይ አሰጡ፤ ዶቶሬው ማምሻውን ሳይደርስ መልሰው ከተው አፉን በጭቃና በእበት መረጉ። ማንንም ላታልል ያለ አልነበረም። ቤት ጠርጎ እንግዳ እንደ መቀበል ነው የቆጠሩት። ያኛውን ጉድጓድ አልነኩትም፤ እሱ መጥፎ ይሁን ተብሎ የታዘዘበት ነው ብለው። እትዬ ጠይባን የጠራቸው የለም፤ እሳቸው ከመጡ እህሉ ሁለት ጊዜ ይነፋላ። ተክሌ ግን ነበረ። የደምሴ ሚስት አክስቱ ናት፤ ጆንያ ሲያቀብል ውሏል።

እንግዲህ አሁን ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ «ይደገም» ሲባል የሰማው ይህን የሚያውቅ ሰው ነው።

«ሴትዮዋ ምን ትላለች?» አለ ኮማንዳንቴው።

«ዱቄቱ አሁን በዚያኛው ጉድጓድ ይግባ» አሉ እትዬ ጠይባ ጣታቸውን እየቀሰሩ። «ይሄኛው ያለ ዱቄት ይደፈን። ያን ጊዜም ዱቄት ያለበት ንጹሕ ከወጣ፣ ወላሂ እኔው ራሴ አገር ላገር ዞሬ እለፍፍለታለሁ። አንድ ጊዜማ ዕድልም ይሠራዋል። በልለት እንጂ፣ ምን ይዘጋሃል?»

«ጀመሩ!» አለ ከኋላ አንዱ። «ጣሊያንንም አገራችንን ያዝክ አልያዝክ፣ ድገመው ሊሉት ነው!»

«ቢደግመው ይሻለው ነበር፤ አንዴውን አላምር ብሎታል» አሉ እትዬ ጠይባ ዞር ሳይሉ።

ሰው ሊስቅ ብሎ አስካሪዎቹን አየና ተወው። ተክሌ ደምሴን አየ። ደምሴ መሬት መሬት ያያል። ባለፈው ገበያ ሮቢት ላይ አንድ ገበሬ ተሰቅሏል፤ በቅሎ ደብቆ የለኝም አለ ተብሎ። ለበቅሎ ይህን ካደረጉ፣ ኮማንዳንቴውን በሕዝብ ፊት ላሞኘ ምን ይደረጋል?

«ታመሰግናለች» አለ ተክሌ በጣሊያንኛ።

በኋላ ዶቶሬው ተክሌን ወደ ሾላው ጥላ ይዞት ሄደ። የተሳካለት ሰው ፊት አልነበረውም።

«የዚያኛው ጉድጓድ ጭቃ ደርቆ ተሰነጣጥቋል» አለ። «የዚህኛው ለምን እርጥብ ሆነ? ከእኔ በፊት የከፈተው ሰው አለ?»

የሚጠየቀውን ጠየቀ። ሊጠይቅ የሚገባውም ሰው እሱ ነበር።

«ማንም አልነካውም» አለ ተክሌ። «ዝናብ ነው።»

ሁለቱ ጉድጓዶች ያሉት አንድ ደጅ ላይ ነው። ዶቶሬው ወደ ጉድጓዶቹ አየ፤ ወደ ሰማይ አየ፤ ኮማንዳንቴው መኪናው ውስጥ ሆኖ ወደሚጠብቅበት አየ። ሞተሩ ተነሥቷል።

«መልካም» አለና ሄደ።

ሐምሌ ላይ ትእዛዝ መጣ፦ በአካባቢው ያለ የእህል ጉድጓድ ሁሉ ተከፍቶ ዱቄቱ ይቀላቀልበት። ሐምሌ ላይ ጉድጓድ የሚከፍት ቆለኛ የለም፤ ርጥበት ከገባ እህሉ ይሻግታል። እትዬ ጠይባ ሄደው የጉድጓዳቸው ክዳን ላይ ተቀመጡ። ያለቻቸው ጉድጓድ እሷው ናት። ልጃቸው መሊካ አራስ ነበረች፤ እሸት እስኪደርስ የቤቱ ሰው ሁሉ የሚበላው እዚያ ውስጥ ነው።

«መጀመሪያ የአንድ ሰው ይከፈት» አሉ። «ይቆይ፤ እንየው። ደህና ከሆነ የእኔን እኔው በእጄ እከፍታለሁ።»

«እትዬ ጠይባ፣ በልጅዎ ይዤዎታለሁ፣ ይነሡ» አለ ደምሴ።

«እርስዎማ የእርስዎን ከፍተው አይተዋል፣ ጭቃ ሹም። እኔ ምን አየሁ?»

ደምሴ መልኩ ተለወጠ። እሳቸው ግን እንደ ልማዳቸው ነው የተናገሩት፤ የሚያውቁት ነገር አልነበረም። ሁለት አስካሪዎች ብብትና ብብታቸውን ይዘው አነሷቸው። ጉድጓዱ ዝናብ እየወረደ ተከፈተ።

መስከረም ላይ ከየጉድጓዱ የወጣው ጥቁር፣ የተጋገረና የሚከረፋ ነገር ነበር። ከብት እንኳ አፍንጫውን አዞረ። ያለው ሰው በሬውን አሊዩ አምባ አውርዶ ሸጠ፤ የሌለው ቅጠል ቀቀለ። የመሊካ ጡት ደረቀ። ሕፃኑ ጥቅምትን አላየም።

ሴቶቹ የወንፊቱን ነገር ለእትዬ ጠይባ የነገሯቸው በዚያ ለቅሶ ላይ ነው። ለቅሶው ሲበተን እሳቸው ወደ ተክሌ ደጅ መጡ። ድንጋይ ላይ አልወጡም፤ በበሩ ገቡ።

«ዶቶሬው ጠይቆህ ነበር አሉ።»

«ጠይቆኝ ነበር፣ እትዬ።»

«ምን አልከው?»

«ማንም አልነካውም… አልኩት።»

«አልኩት አትበለኝ። እስቲ ድገመው። ለሱ እንዳልከው፣ ዓይኔን እያየህ።»

ተክሌ አፉን ከፈተ። «ጋሼ ደምሴን ይሰቅሉት ነበር» አለ።

«እሱን አልጠየቅኩህም። ያልከውን ድገመው።»

አልወጣውም። እትዬ ጠይባ ጠበቁት። ጣሊያንኛውን ሲያስደግሙት እንደሚጠብቁት፣ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ጠበቁት። በመጨረሻ ነጠላቸውን ሰበሰቡ።

«ደምሴ ይሰቀል አልልም» አሉ። «ቢጠይቁኝ እኔም ምን እንደምል እንጃ። እህሉ ግን የለም፤ ልጁም የለም።»

ወጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተክሌን ምንም ነገር አስደግመውት አያውቁም። አጥሩን ዝቅ አደረገው፤ ጧት ጧት ደጁ ላይ ቆሞ በጣሊያንኛ ጮክ ብሎ ያወራ ጀመር። ብቅ አላሉም።

ዶቶሬው በዱቄቱ ተሾሞ ወደ ሌላ አውራጃ ተዛወረ። ዱቄቱም ተከተለው።

እትዬ ጠይባ ያረፉት ጣሊያን በወጣ በዓመቱ ነው። ሽማግሌዎቹ የጥጥ ባዘቶ አፍንጫቸው ላይ አደረጉ። አልተነቃነቀም። ለቅሶው ሊጀመር ሲል ተክሌ ከበሩ ጥግ «ይደገም» አለ። ደገሙት። አልተነቃነቀም።