መኪና መራጩ የእህቴ ባል

መኪና የሚገዛ ሰውና መኪና የሚመርጥ ሰው ለየቅል ናቸው። የሚገዛው ከፍሎ ቁልፉን ይቀበልና ይነዳል። የሚመርጠው ይመርጣል፤ በቃ፣ ሥራው እሱ ነው። በየቤተሰቡ እንዲህ ያለ አንድ ሰው አይጠፋም። የመኪና ዓይነት ሁሉ ያውቃል፣ የእያንዳንዱን ገመና ያውቃል፣ በእግሩ ይሄዳል። በእኛ ቤተሰብ ይህን ወንበር የያዙት ክቡር የእህቴ ባል ናቸው። «ናቸው» ያልኩት ለወንበሩ ክብር ነው እንጂ ቤት ውስጥስ «ጋሼ» ነው የምለው፣ ያውም ካልተናደድኩ።

ሙያው የጥርስ ሐኪም ነው። ክሊኒኩ ከቤቱ የሩብ ሰዓት የእግር መንገድ ሲሆን መንገዱም እንደ ጠረጴዛ የተዘረጋ አስፋልት ነው። ይህ ሰው ስለ ዳገት፣ ስለ ማጥና ስለ ወንዝ መሻገሪያ ሲተነትን የሰማ ግን ዕድሜውን በረሃ ለበረሃ የጨረሰ የጭነት መኪና ሹፌር ይመስለዋል።

መኪናው የተፈለገው ለእሱ አልነበረም። እህቴ አዋላጅ ነርስ ናት። በሳምንት ሦስት ቀን ከከተማ ራቅ ወዳለ ጤና ጣቢያ ትሄዳለች፤ አስፋልቱ እስከሚያልቅበት በሚኒባስ፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን አሥራ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ኮረኮንች ደግሞ በተገኘው፣ አንዳንዴ በአሸዋ መኪና፣ አንዳንዴ በሞተር ሳይክል ጀርባ። በቀሩት ቀናት ሁለቱን ልጆቿን ትምህርት ቤት ታደርሳለች፣ ትመልሳለች፣ ገበያ ትወጣለች። ስለዚህ የሚፈለገው ግልጽ ነበር። ማክሰኞ ከጭቃ የምትወጣ፣ ረቡዕ ትምህርት ቤት በር ላይ ሰው ሳታስቸግር የምትቆም አንዲት መኪና። ገንዘቡም ተቀምጧል። አንድ እሁድ ምሳ ላይ እህቴ ነገሩን ስታነሳው ባሏ እንደ ተማሪ እጁን አወጣና ምርጫውን ለኔ ተዉት አለ። ተውንለት። ያን ጊዜ ትንሿ ልጅ መዋዕለ ሕፃናት ነበረች። መኪናው ግቢ ሲገባ ማባዛት ትችል ነበር።

የመጀመሪያዋ ዕጩ ነጭ፣ እንደ ሣጥን አራት ማዕዘን የሆነች ፎር ዊል ነበረች። ለምስክርነት ይዞኝ ሄደ። ሻጩ ስንት ወንዝ እንዳቋረጠች ሲዘረዝር የእህቴ ባል አንዱንም አልሰማም። ከኮቱ ኪስ የመንጋጋ ጥርስ የሚያይበትን ባለ እጀታ ትንሽ መስተዋት አወጣና አስፋልቱ ላይ በጀርባው ተንጋለለ። መስተዋቷን ሻንሲው ውስጥ እያስገባ አንድ በአንድ አየ። ዝገት ያገኘ ቦታ በቀጭን መንጠቆ ነካ ነካ ያደርግና ብረቱን የሚያመው ይመስል ትንሽ ይጠብቃል። ከዚያ ለሙከራ ስትነዳ መሪው ላይ አልተቀመጠም፤ ኋላ ወንበር፣ ልክ ከጎማው በላይ ተቀምጦ ዓይኑን ጨፈነ። ሲወርድ ፍርዱን ሰጠ።

«ጥሩ ናት፤ ግን አስፋልት ላይ ታንገጫግጫለች። ልጆቹ ገና የወተት ጥርስ ላይ ናቸው።»

«ጥሩ ናት፤ ግን» የሚሉትን ቃላት ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ። ከዚያ በኋላ ስንቴ እንደሰማኋቸው አይጠየቅ። ሦስት ዓመት ሙሉ በዚያ ቤት ከ«ደህና አደራችሁ» እኩል ይባሉ ነበር።

ሁለተኛዋ ቀይ፣ የምታብረቀርቅ፣ ወንበሯ እንቅልፍ የሚያስወስድ ነበረች። ልጆቹ ገብተው አንወርድም አሉ። እህቴም ወደደቻት። እሱ ሜትሩን ይዞ ከሥሯ ገባና ከሆዷ እስከ መሬት ያለውን ለካ። ቁጥሩን ጮክ ብሎ አነበበው፤ ሻጩም፣ እኛም፣ በዚያ የሚያልፍ አንድ ሻንጣ የያዘ ሰውዬም ሰማን። እንዲህ ዓይነቷ፣ አለ ወጥቶ አቧራውን እያራገፈ፣ አውቶሞቢል ናት፣ ተረከዙ ረጅም ጫማ ያደረገች፤ የመጀመሪያው ድንጋይ ሆዷን ይቀደዋል። ሻጩ እህቱ የተሰደበችበት ያህል ተቀየመና ቻው ሳይለን ቢሮው ገባ።

ሦስተኛዋ ፒካፕ ነበረች። እሷን ለማየት እንኳ አልሄድንም፤ ቁመቷንና ወርዷን በስልክ ጠይቆ ግቢው ውስጥ በጠመኔ ሣላት። ከዚያ ከሳሎን ወንበሮች አወጣና በሥዕሉ ውስጥ ደረደራቸው። ልጆቹን ከኋላ፣ እህቴን ከፊት፣ እኔን መሪው ጋ አስቀመጠን። የመሪ ምትክ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ሰጠኝ። እሱ በሩ ጋ ቆሞ ወደ ኋላ እንድወጣ በእጁ ምልክት ይሰጠኝ ጀመር። ወንበሬን ይዤ እየተነሣሁ፣ እየተቀመጥኩ፣ ሳፋዬን እያዞርኩ ወደ ኋላ ተጓዝኩ። የእህቴ ጎረቤት የሆኑ ጡረተኛ ዳኛ ከአጥሩ በላይ አንገታቸውን አውጥተው እስከ መጨረሻው ተከታተሉን፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም ሲሉኝ ቀስ ብለው ነው። ፒካፗ የግቢውን በር በአራት ጣት ሳትነካ አለፈች። ጥሩ ናት፤ ግን አራት ጣት ለሚቸኩል ሰው አይበቃም ተብሎ ቀረ።

በዚህ መሀል ታካሚዎቹ አበሳቸውን አዩ። አፉን የከፈተ ሰው መልስ አይሰጥም፤ ይህን የሚያህል አድማጭ የትም አይገኝም። እኔ ራሴ መንጋጋዬን ላስነቅል ሄጄ፣ ግማሽ ፊቴ ደንዝዞ፣ የመኪናን ንጥ ስለሚያበርዱት ስለ ባሌስትራና ስለ ሞላ ልዩነት አርባ ደቂቃ ተማርኩ። ጥርሱ ከወጣ በኋላም ትምህርቱ አላለቀም።

ይህ ሁሉ የሚያስቅ ነበር፤ እስከ ሁለተኛው ክረምት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እህቴ እጇ በጨርቅ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሎ መጣች። የተቀመጠችበት ሞተር ሳይክል ቁልቁለት ላይ ተንሸራቶ ክርኗ ተሰብሯል። ጫማዋ በፌስታል ውስጥ ነበር፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ። ገና ሳትቀመጥ የተናገረችው ጤና ጣቢያ ስለተወቻት ምጥ ላይ ስላለች ሴት ነበር። ባሏ ክርኗን አየ፣ ቀና ብሎ ፊቷን አየ፣ ውሃ አሙቆ እግሯን አጠበላት። እኔም አሁንስ ገባው፣ ነገ የተገኘችውን ይገዛል ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በሳምንቱ አራተኛዋን መኪና አየና ጣራዋ ላይ ያለው ጎማ ንፋስ ያበዛል ብሎ መለሳት።

ያን ቀን ትዕግሥቴ አለቀ። ክሊኒኩ ድረስ ሄጄ፣ ታካሚ እስኪወጣ እንኳ ሳልጠብቅ፣ ያለኝን ሁሉ ተናገርኩት። አራት ጎማ ያለው ማንኛውም ነገር ከሁለት ጎማ እንደሚሻል፣ ሚስቱ ክርኗን የሰበረችው በእሱ «ግን» እንደሆነ፣ መኪና መምረጥ ፈሪ ሰው ላለመግዛት የሚያመጣው ሰበብ እንደሆነ። ጭምብሉን ዝቅ አድርጎ ሰማኝ። ስጨርስ የተጠቀመበትን ዕቃ ማጠቢያው ውስጥ አስቀመጠና «ገና አላገኘኋትም» አለኝ። ወንበሩ ላይ ያለችው ሴትዮ ግን አፏን እንደከፈተች በጭንቅላቷ ደገፈችኝ።

በመጨረሻ የገዛችው እህቴ ናት። በዚያው በጤና ጣቢያው አካባቢ የሚሠራ የእርሻ ባለሙያ ጡረታ ሊወጣ ሲል አሮጌ፣ አረንጓዴ፣ አንዱ በሯ የተጨረማመተ ትንሽ ፎር ዊሉን እንደሚሸጥ ነገራት። አየቻት፣ ነዳቻት፣ ገዛቻት። ሁለት ሰዓትም አልፈጀ። አሥር ሰዓት ላይ ግቢ ይዛት ገባች። ባሏ ድምፅ ሰምቶ ወጣ። የመኪናዋን ዙሪያ አንዴ ዞረ፣ መስተዋቱን አወጣ፣ ከሥሯ ገባ። እግሮቹ ብቻ እየታዩን ከአንድ ሰዓት በላይ ቆምን። ሲወጣ ግንባሩ ላይ ዘይት ነበር።

«ጥሩ ናት» አለ። ጠበቅን። አልቀጠለም። ገብቶ እጁን ለረጅም ጊዜ ታጠበ። እውነቱን ልናገርና ደስ አለኝ፤ የሦስት ዓመት ሊቅ በአንዲት ነርስ የሁለት ሰዓት ሥራ ተሸነፈ ብዬ በየሄድኩበት አወራሁ።

ከወር በኋላ፣ ሌሊቱን ሙሉ ዝናብ ሲጥል ባደረበት ማግስት፣ የመድኃኒት ካርቶን ላግዛት ከእህቴ ጋር ወደ ጤና ጣቢያው ሄድኩ። አስፋልቱ ሲያልቅ ገና ማለዳ ነበር። አረንጓዴዋ አላሳፈረችንም፤ እያቃሰተችም ቢሆን ወጣች፣ ወረደች። ከሁለተኛው ድልድይ በኋላ ግን አንድ ቁልቁለት ጨርሰን የፊት ጎማዎቿ ሰመጡ። እህቴ ነዳጅ ስትሰጥ ጭቃው መስታወቱ ድረስ ተረጨ። በዙሪያችን ሰው አልነበረም። ስልኳን አወጣችና ባሏ ጋ ደወለች። እኔ ሳቄ መጣ፤ አሁን ስለ ባሌስትራ ሊያስተምረን ነው አልኩ።

«ከሁለተኛው ድልድይ በፊት ነሽ በኋላ?» አለ። ድምፁ መኪናው ውስጥ በደንብ ይሰማል።

«በኋላ። ቁልቁለቱ ሥር።»

«በስተቀኝ ለሁለት የተሰነጠቀ ጥቁር ድንጋይ አለ። ይታይሻል?»

ወርጄ አየሁ። አለ። ከመኪናው ሦስት እርምጃ ያህል ወደ ፊት።

ጋሼ ድምፁን ሳያነሣ ነገራት። ድንጋዩ አጠገብ የሚያስፈራው ውሃ ስለተኛበት ነው እንጂ ሥሩ ጠጠር ነው፤ በግራ በኩል ደረቅ የሚመስለው ግን ማጡ እሱ ነው። ሁለት ሜትር ወደ ኋላ ትመለስ፣ ከባዱን ማርሽ ታስገባ፣ የቀኝ ጎማዋን ድንጋዩን አስታካ ትምጣ፣ ፍሬን እንዳትነካ። እህቴ ያላትን አደረገች። መኪናዋ ወደ ኋላ ተንፏቀቀች፣ ውሃው ውስጥ ገባች፣ አንዴ ዘመም አለችና ወጣች።

እህቴ ሞተሩን አጠፋች፤ ስልኩን ግን አልዘጋችም።

«አንተ፣ ይሄን ድንጋይ በየት ታውቀዋለህ?»

ከወዲያ በኩል የክሊኒኩ የምራቅ መምጠጫ ድምፅ ይሰማ ነበር። «ሄጄበታለሁ» አለ።

«በምን?»

«በእግሬ።»

ቀስ በቀስ አወጣጣችው። ቅዳሜ ቅዳሜ መኪና መሸጫ ነኝ ሲላት፣ ግማሹን ጊዜ በሚኒባስ እስከ አስፋልቱ ጫፍ ይመጣና ከዚያ በእግሩ ይሄድ ነበር። በበጋም ሄዷል፣ በክረምትም። ሜትሩን እያንዳንዱ ቦይ ውስጥ አስገብቷል። ክርኗ በተሰበረ በሦስተኛው ቀንም የወደቀችበትን ቁልቁለት ፈልጎ አግኝቶ ቁጭ ብሎበታል። ለምን አልነገርከኝም ስትለው፣ ብነግራት ሥራውን እንድትተወው የሚለምናት እንደሚመስላት፣ እሷም እንደማትተወው፣ ከዚያ ሁለቱም እንደሚፈሩ ነገራት።

«መኪና አጥቼ አልነበረም» አለ። «መንገዱን ስላየሁት ነው። አንቺን አምኜ የምሰጣት መኪና አጣሁ።»

እህቴ የፊት መስታወቱን ከውስጥ በመዳፏ ጠረገች፤ ጭቃው ያለው ግን ከውጭ ነበር። «አፉን ከፍቶ የሚጠብቅህ ሰው አለ» አለችው ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሥራህን ጨርስ።» ስልኩን ዘጋችና ነዳች። ጤና ጣቢያው ስንደርስ አንዲት ሴት በር ላይ እየጠበቀቻት ነበር።

ያልኩትን አልመልስም። ሦስት ዓመት ሦስት ዓመት ነው። የፈራ ሰው ፈራሁ ይላል እንጂ ሰው ሳፋ አስይዞ ግቢ ለግቢ አያዞርም። የእህቴ ክርን ዛሬም ብርድ ሲሆን ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም፣ ለዚህ ደግሞ ይቅርታ የማድረግ ሥልጣን ያላት እሷ ናት፤ እኔ አይደለሁም። ክሊኒኩ ድረስ ሄጄ ከተናገርኩት ውስጥ «ፈሪ» የምትለዋ ቃል ብቻ፣ ውሸት ባትሆንም፣ ከአፌ ባትወጣ ደስ ይለኝ ነበር።

ባለፈው ወር መሥሪያ ቤታችን ከከተማ ዳር ወዳለ አዲስ ሕንፃ እንደሚዛወር ተነገረን፤ መንገዱ ግማሹ አስፋልት፣ ግማሹ ገና የሚሠራ ነው። መኪና ልገዛ ነው፣ ምረጥልኝ አልኩት። ስንት ብር አለህ አላለኝም፣ ምን ዓይነት ትፈልጋለህ አላለኝም። በየት በኩል ነው የምትመላለሰው አለኝ። ነገርኩት።

ያለፈው ቅዳሜ አዲሱን ሕንፃ ለማየት በአውቶቡስ ወደዚያው እየሄድኩ ሳለ አውቶቡሱ ድንገት ቆመ። ሹፌሩ ጥሩንባውን ደጋግሞ ይነፋል። በመስኮት ብመለከት አንድ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ የሰበሰበ ሰው መሀል መንገድ ላይ ተንበርክኮ ሜትር ጉድጓድ ውስጥ አስገብቶ ያነባል። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ አንገቱን አውጥቶ አየና ይሄ እብድ ደግሞ ማነው ብሎ ጠየቀኝ።

«የእህቴ ባል ነው» አልኩት። «መኪና እየመረጠልኝ ነው።»