ተራው የምስር የሆነበት ስብሰባ

የማተሚያ ቤቱ የምሳ ወጪ አጥኚ ኮሚቴ አራተኛ ስብሰባ
ቀን፦ ማክሰኞ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት
ቦታ፦ የሠራተኞች መመገቢያ አዳራሽ፣ ለወጥ ቤቱ በር የሚቀርበው ጠረጴዛ

የተገኙ፦ የጥረዛ ክፍል ኃላፊ (ሰብሳቢ)፣ ሒሳብ ሹሙ፣ በባልደረቦቹ ዘንድ «ቅልጥም» የሚባለው ወጣት የማሽን ሠራተኛ፣ የዚህ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ። ድምፅ የመስጠት መብት ሳይኖራቸው፦ ዋና ምግብ አብሳይዋ። የቀረ የለም፤ ሰዓቱ የምሳ መሆኑ ለምልዓተ ጉባኤው መሟላት ሳይረዳ እንዳልቀረ ይገመታል።

አጀንዳ 1፦ የሥጋ ወጪ

ሒሳብ ሹሙ፣ ሥጋ በየቀኑ መቅረቡ የወሩን በጀት በአጋማሹ እንደሚጨርሰው፣ ምስርና ባቄላ ግን ከወሩ መጨረሻም አሳልፈው እንደሚያደርሱት አስረድተዋል። አብሳይዋም ወጪው እስከ ወሩ መጨረሻ ካልቀነሰ ወጥ ቤቱ እንደሚዘጋ፣ እሳቸውና ረዳቶቻቸውም እንደሚሰናበቱ ለአራተኛ ጊዜ አስታውሰዋል። ኮሚቴው ለአራተኛ ጊዜ አዝኗል።

ሒሳብ ሹሙ «ጎመን በጤና» በማለታቸው ቅልጥም፣ «ጎመኑንም ጤናውንም ለእርስዎ ትቻለሁ፣ ጋሼ፤ እኔ የማንቀሳቅሰው ማሽን ነው፣ እርስዎ እርሳስ» ብሏል። ሰብሳቢው አነጋገሩን ነቅፈው፣ በፍሬ ነገሩ እንደሚስማሙ ገልጸዋል።

አጀንዳ 2፦ ቅምሻ

ኮሚቴው «ያልቀመሱትን ማነጻጸር አይቻልም» በሚለው የቀድሞ ውሳኔው መሠረት ባለፉት ስብሰባዎች ሁሉ ሥጋ መቅመሱ ይታወሳል፤ ግኝቱም «ተጨማሪ ማስረጃ ያስፈልጋል» የሚል ነበር። አብሳይዋ፣ የተቀመሰው ሥጋ ከሠራተኛው ድርሻ ላይ የተቀነሰ መሆኑ እንዲመዘገብላቸው ጠይቀዋል። ጥያቄው በአክብሮት ተደምጧል።

ዛሬ ተራው የምስር በመሆኑ ምስር ቀረበ። ቅልጥም ሳህኑን ደግሞ ካስሞላ በኋላ፣ «እትዬ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ሥጋውን የት ደብቀውት ነው?» ሲል ጠይቋል። አብሳይዋ፣ «ሥጋውማ ባለፈው ሳምንት ሆድህ ገብቷል» ሲሉ መልሰዋል።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ከነገ ጀምሮ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ሥጋ፣ በቀሩት ቀናት ጥራጥሬና አትክልት እንዲቀርብ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። አብሳይዋ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው «ዕድሜ ይስጥልኝ» ብለዋል።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

ሒሳብ ሹሙ፣ ወጪው ስለሚቀንስ የኮሚቴው ሥራ መጠናቀቁን፣ ኮሚቴው ሲበተንም ቅምሻው አብሮ እንደሚቀር በቅን ልቦና ጠቁመዋል።

ሰብሳቢው ጥድፊያ የጥናት ጠላት መሆኑን አብራሩ። ቅልጥም ምስሩን የቀመሰው ክፉኛ በራበው ሰዓት ስለነበር ምስክርነቱ እንዲሰረዝለት አመለከተ። ሒሳብ ሹሙም ስሌታቸውን እንደገና ሊያዩት ቃል ገቡ።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ ከላይ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ንጽጽሩ ከመነሻው፣ ማለትም ከሥጋው፣ እንደገና ይጀመራል።

አብሳይዋ «ወጥ ቤቱ ሲዘጋ ታዲያ ማን ያበስልላችኋል?» ብለው መጠየቃቸው ከአጀንዳ ውጪ በመሆኑ አልተመዘገበም።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ከጠረጴዛው ተነሥተናል። ሰብሳቢው ለቀጣዩ ስብሰባ ጎድን እንዲዘጋጅ አዘዋል፤ ሆኖም አብሳይዋ የግል ቢላዎቻቸውን በጨርቅ እየጠቀለሉ ስለነበር ትእዛዙን መስማታቸው አልተረጋገጠም።