ዘመድ የሌለው ምስክር

በእኛ አካባቢ አንድ ነገር ሲፈጠር ያየ ሰው ማግኘት ከባድ ነው። ከብት ቢሰረቅ፣ አጥር ቢፈርስ፣ ሁለት ሰው ቢደባደብ፣ ሁሉም በዚያች ሰዓት ገበያ ነበር። የገበያ ቀን ባይሆንም ገበያ ነበር። ነገሩ ካለፈ በኋላ ግን ጠይቁ፤ እንደሚፈጠር ቀድሞ ያላወቀ ሰው አታገኙም። «እኔ ያኔውኑ ብዬ ነበር» የሚለውን ሰው ብዛት ሳይ፣ ይህ ሁሉ ሰው ሲናገር እኔ የት ነበርኩ እላለሁ። ገበያ ነበርኩ መሰለኝ።

ይህን የምለው ሰው ለማማት አይደለም። አምና ክረምት በሀዲያ፣ ሻሾጎ ቆላ ውስጥ ውሃ ገብቶ ልጄን ወሰደብኝ። ቃልኪዳን ትባላለች። ሁለት ዓመት ከአምስት ወሯ ነበር። ባለቤቴ ምሕረት የጤና ኮሌጅ ፈተናዋን እስክትጨርስ ብለን እናቴ ዘንድ ወስደናት ነበር፤ ከቦኖሻ ወጣ ብሎ ነው፤ ለሦስት ሳምንት ብቻ። ዝናቡ የዘነበው ደጋው ላይ ነው። እናቴ ጋ ፀሐይ ነበር። እናቴ ማሳ ላይ ነበረች፣ ልጅቷ ቤት ውስጥ ተኝታ ነበር፣ እናቴ ሮጣ ስትደርስ ውሃው ቀድሟት ነበር። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ውሃው ከገባ በኋላ ውሃው እንደሚገባ ያላወቀ ሰው አጣሁ። ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ሁሉ ከንፈሩን እየመጠጠ «ያ ቦታ እኮ የውሃ መንገድ ነው» ይላል። ወሬው እግር አውጥቶ አንጋጫ ደረሰ። አንጋጫ ከምባታ ውስጥ ደጋው ላይ ነው፤ የምሕረት አገር ነው። አባቷ አቶ ሎምበሶ ለቅሶው እንዳበቃ መጡና «የልጅ ልጄን የውሃ መንገድ ላይ ካስተኛች ሴት ጋር ልጄ አትዛመድም» ብለው ይዘዋት ሄዱ። ምሕረት አልተቃወመችም። አልተስማማችምም። ልብሷን በፌስታል አድርጋ ከኋላቸው ሄደች።

እናቴ አንድ ነገር ብቻ ትል ነበር። «ውሃ እዚህ ደርሶ አያውቅም።» አሥራ ሰባት ዓመት ኖራበታለች። ግን ተከሳሽ ስለራሱ ቢናገር ማን ይሰማዋል። ቆይታ እሱንም ማለት ተወች። ከዚያ እህል መቅመስ እየተወች መጣች። እኔ ሆሳዕና ቁጭ ብዬ ሳሰላው፣ በአንድ ውሃ ልጄንም ሚስቴንም እናቴንም ላጣ ነው። ልጄን የሚመልስልኝ የለም። ስለሁለቱ ግን ምስክር ያስፈልገኝ ነበር።

መጀመሪያ የሄድኩት አንድ መሥሪያ ቤት ነው፤ ስሙን አልጠራም። «ያ ቦታ ከዚህ በፊት ውሃ ገብቶበት ያውቃል ወይ?» ብዬ ጠየቅኩ።

«ከሚመለከተው አካል ደብዳቤ አምጣ» አለኝ ሰውየው።

«የሚመለከተው አካል ማን ነው?»

«ደብዳቤውን የሚጽፍልህ ነዋ።»

እኔ መናኸሪያው አጠገብ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ቤት አለችኝ። ስንቱን ሰው ከሚመለከተው አካል ጋር ያገናኘሁ ሰው፣ ለራሴ የሚመለከተኝ አካል አጣሁ።

መልሱ የመጣው በደንበኛ በኩል ነው። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን በቀለም ላትምለት ሰጠኝ። መሐሉ ላይ የእኛው የሻሾጎው ቦዮ ሐይቅ ከሰማይ የተነሣ ፎቶ አለ። ከየት እንደገዛው ጠየቅኩት። «አይገዛም፣ ክፍት ነው» አለኝ። ሥራውን አቋርጬ ወንበር ሳብኩለት።

እንደገባኝ ልንገራችሁ። ሰማይ ላይ የሚዞሩ ካሜራዎች አሉ። አንዳንዱ የአሜሪካ ነው፣ አንዳንዱ የአውሮፓ፣ የሌላም አገር አለ። በየተወሰነ ቀኑ ተመልሰው እየመጡ ያንኑ ቦታ ያነሣሉ። ተራራ አይመርጡ፣ ከተማ አይመርጡ፤ የእናቴን ማሳ ሳይቀር ያነሣሉ። ድሮ ይሸጥ ነበር አሉ። ኋላ ግን አገሮቹ ተነጋግረው፣ ስለ መሬት የተሰበሰበ ነገር ለፈለገው ሁሉ በኢንተርኔት ክፍት ይሁን ብለው ተስማሙ። በስንቱ ነገር የማይስማሙ አገሮች ናቸው። በዚህ ተስማሙ። እኔ ስንት ጊዜ ዜና ሰምቼ ስለዚህ ማንም ነግሮኝ አያውቅም፤ የተስማሙበት ነገር ዜና አይሆንም መሰለኝ።

ልመዘገብ ስል ፎርሙ ድርጅቴን ጠየቀኝ። «ፎቶኮፒ ቤት» አልኩ። ዓላማዬን ጠየቀኝ። «የቤተሰብ ጉዳይ» አልኩ። ስልክ ይደወልልኛል ብዬ ጠበቅኩ። ማኅተም አምጣ ይሉኛል ብዬ ጠበቅኩ። በሁለት ደቂቃ ተፈቅዶልዎታል የሚል ኢሜይል መጣ። እውነቴን ነው፣ ትንሽ ተናደድኩ። እንዲህ በቀላሉ ይሆናል እንዴ?

ፎቶው እንደምታስቡት አይደለም። ቤት አይታይበትም፣ ሰው አይታይበትም። አንዷ ነጥብ ከእናቴ ግቢ ትሰፋለች። ደረቅ መሬት ሌላ ቀለም አለው፣ ውሃ ይጠቁራል፤ ተማሪው አነባበቡን አሳየኝ። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ በምሳ ሰዓት በሩን ገርበብ አድርጌ ዓመት በዓመት ተመለከትኩ። ደረቅ። ደረቅ። ደመና። ደረቅ። እናቴ እውነቷን ነው። ደረቅ። ደመና። ደረቅ። አሥራ ሰባቱንም ዓመት ስጨርስ እዚያው ማቆም ነበረብኝ። አላቆምኩም። አንድ ዓመት ወደ ኋላ ሄድኩ፤ እናቴ እዚያ ከመግባቷ በፊት የነበረውን ክረምት ማለቴ ነው። ያቺ ነጥብ ጥቁር ናት። በዙሪያዋ ያለው ሁሉ ጥቁር ነው።

ዘጋሁት። አሥር ጥሩ ጥሩ ፎቶ መርጬ በቀለም አተምኩ። አሥራ አንደኛውን አላተምኩም። ለእናንተ እነግራችኋለሁ፤ ለሽማግሌዎቹ አልነገርኩም።

እኔን ከምሕረት ቤተሰብ ሊያስታርቁ ሽማግሌዎቹ የተቀመጡት ሆሳዕና፣ በሐጂ ሸምሱ የእህል መጋዘን ነው። ሐጂ ሸምሱ የሻሾጎ ተወላጅ እህል ነጋዴ ናቸው፤ ሀዲያም ከምባታም የሚያምናቸው ሰው ናቸው፤ ሚዛናቸውን ሁሉም ስለሚያውቀው ይሆናል። ከሳቸው ጋር ሌሎች አራት ሽማግሌዎች አሉ። ሁሉም ጆንያ ላይ ተቀምጠዋል። በዚያ በኩል አቶ ሎምበሶ፣ ምሕረት፣ የምሕረት ታላቅ እህት ታደለች። ታደለች አንጋጫ የሒሳብ መምህርት ናት፤ እኔን ገና ከሠርጉ ጀምሮ አትወደኝም። በዚህ በኩል እኔና እናቴ። እናቴ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ አውርዳለች።

ገና ሳይጀመር ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነገር ለማብረድ ብሎ አባባሰው። «መቼም ውሃውን የላከው የእናንተው ደጋ ነው፣ አቶ ሎምበሶ።»

«እኛ ስንልከው መንገዱን ያውቃል» አሉ አቶ ሎምበሶ። «መንገዱ ላይ የቆመው ነው የማያውቀው።»

ሐጂ ሸምሱ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ወደኔ ዞሩ። «ምስክር አለኝ ብለሃል፣ ማርቆስ። ማን ነው?»

«ሳተላይት ነው፣ ሐጂ።»

«ሰው ነው?»

«አይደለም። ላይ የሚዞር ካሜራ ነው።»

«ላይ ያለ ምስክር እኔ የማውቀው አንድ ብቻ ነው» አሉ አቶ ሎምበሶ።

«እሱን ለመጥራት እኛ አቅም የለንም» አሉ ሐጂ። ደግሞ ወደኔ ዞሩ። «ከሁለቱ ወገን ዘመድ አለው?»

«የለውም።»

«ለምስክርነቱ ምን ከፈልከው?»

«ምንም።»

ሐጂ ሽማግሌዎቹን ተራ በተራ አዩ። «እስከዛሬ እዚህ ከመሰከሩልን ሁሉ ይሻላል» አሉ።

አሥሩን ፎቶ ዘረጋሁ። ቀለሙን አስረዳሁ። ሽማግሌዎቹ እያቀበሉ አዩ፤ አንዱ ገልብጦም አየው፣ ማኅተም ሲፈልግ ይሆናል። ነገሩ ወደኔ እያደላ ነበር። ያኔ ታደለች ተናገረች።

«ፎቶውን ማን መረጠው?»

«እኔ።»

«ከስንት ውስጥ?»

«ብዙ ነው።»

«ብዙ ስንት ነው?»

የሒሳብ መምህርት መሆኗን ነግሬያችኋለሁ።

«ይኼ ነገር ክፍት ነው አላልክም? የት እንደሚገኝ ንገረኝ። በራሴ ስልክ አያለሁ።»

እምቢ ለማለት ምን ምክንያት አለኝ? ክፍት ነው ብያለሁ። ነገርኳት። ኔትወርኩ እየሄደ እየመጣ፣ እሷ ስልኳን ይዛ በር ላይ እየቆመች፣ ሐጂ ሻይ አስመጡ። ሻይ ጠጣን። ሁለተኛ ሻይ ጠጣን። ፎርሙን ስትሞላ ሰማኋት፤ ስለ ዓላማ ሲጠይቃት ጮክ ብላ «እውነቱን ለማወቅ» አለች፤ እኔ እንድሰማ ነው። አንድ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው መጥታ ስልኩን ለሐጂ ሰጠቻቸው።

«ይኼስ?»

ማየት አላስፈለገኝም። አሥራ አንደኛዋ ናት።

ሐጂ ስልኩን አዩ፣ እኔን አዩ። «ይህን አይተኸው ነበር?»

«አይቼው ነበር።»

አቶ ሎምበሶ ከጆንያው ላይ ተነሡ። ምሕረት ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ፤ ያንን አስተያየት አልረሳውም። እኔ በገዛ እጄ በእናቴ ላይ እንዳስፈረድኩባት ገባኝ። አንድ ውሸት ያለበት ምስክር አሥሩንም ይዞ ይወድቃል።

እናቴ እጇን ዘረጋች። «እስቲ አሳዩኝ» አለች። ታደለች ጎንበስ ብላ አሳየቻት፤ የቱ ጋ እንደሆነ በጣቷ ጠቆመቻት። «መቼ ነው ይኼ?»

«እርስዎ ከመግባትዎ በፊት ያለው ክረምት ነው።»

እናቴ ብዙ አየችው። «እኔ በበጋው ነው የገባሁት» አለች። «የባሌ ወንድሞች ሰጡኝ። ባዶ ነበር። ሣር ነበር። በጣም ጥሩ ሣር ነበር።»

እዚያ ቆላ የተወለደ ሁሉ ጥሩ ሣር ከምን እንደሚመጣ ያውቃል። ሰጪዎቹ ያውቁ እንደነበር እንጃ፤ ዛሬ በሕይወት የሉም።

ታደለች ግን አልጨረሰችም። «ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁሉ አይቻለሁ» አለች፣ ለሽማግሌዎቹ። «ጥፋት ፍለጋ ነው ያየሁት፤ ባገኝ አልደብቅም ነበር። እሳቸው ከገቡ ጀምሮ እስከ አምና ድረስ በሚታየው ሁሉ ውሃ እዚያ አልደረሰም። አንድም ቀን። ሁለት ጊዜ አየሁት።» ከዚያ ወደ አባቷ ዞረች። «አባዬ፣ አላወቁም። ሊያውቁ አይችሉም።»

እኔ አሥር ፎቶ ይዤ ያልቻልኩትን፣ የምትጠላኝ ሴት በአንድ ስልክ ጨረሰችው። ያመኗት ልታስፈርድ ሄዳ ስለተመለሰች ነው። አቶ ሎምበሶ ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ እናቴ ሄዱ። ጎንበስ ብለው ትከሻዋን ሳሟት። ምን እንዳሏት አልሰማሁም፤ በከምባትኛ ነው ያሏት፤ እናቴም በሀዲይኛ መለሰችላቸው። ተግባቡ።

«እናትየው ነፃ ናት» አሉ ሐጂ። «አንተ ግን ተቀጥተሃል፣ ማርቆስ። ሽማግሌ ፊት ደብቀሃል። ቅጣትህ፣ ከዛሬ ጀምሮ ቤት ልሠራ ነው፣ መሬት ልይዝ ነው ብሎ ለሚመጣ ሁሉ የቦታውን ፎቶ ታሳያለህ። አንድ ሳንቲም አትቀበልም።»

እዚህ ላይ ምስጋና አለብኝ። ካሜራውን የሠሩትን፣ ፎቶውን ክፍት ያደረጉትን ሰዎች አላውቃቸውም፤ እነሱም ሻሾጎን አያውቁትም። ያቺን ጥቁር ነጥብ ያን ሁሉ ዓመት ሲያስቀምጡ ለማን ትጠቅማለች፣ ማንን ትጎዳለች ብለው አልመረጡም። እኔ ለእናቴ ብዬ ደበቅኩ፤ እናቴን ያዳናት ግን ምንም ያልደበቀው ነው። ይህን ጽፌ አመሰገንኳቸው። መልሱ ወዲያው መጣ፤ መልእክትዎ ደርሶናል፣ ችግርዎ በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ ይፈታል ይላል። ግድ የለም። እኔ ማመስገኔን አውቃለሁ።

ምሕረት ያን ዕለት ከእኔ ጋር አልመጣችም። ከእናቴ ጋር ነው የሄደችው። አሥር ቀን አብረው ተቀምጠው፣ አብረው አልቅሰው፣ አብረው ቤቱን አፍርሰው፣ ከፍ ያለው ቦታ ላይ ለማቆም የምሰሶ ጉድጓድ ካስቆፈሩ በኋላ ወደ እኔ መጣች። እናቴ መብላት ጀምራለች፤ ቀስ በቀስ ነው።

አሁን ከቦኖሻ አውቶቡስ የሚወርድ ሰው ሻንጣውን እንደያዘ ወደ እኛ ቤት ይመጣል። ቅጣቱን የምፈጽመው ግን እኔ አይደለሁም። ምሕረት ከሥራ መልስ ኮምፒውተሩ ላይ ትቀመጣለች። ትናንት ለአንድ አዲስ ሙሽራ ሊገዛ ያሰበውን ቦታ አሳየችው። ሁለት ሦስት ዓመት አይቶ «ይበቃኛል፣ ደረቅ ነው» ብሎ ሊነሣ ሲል፣ «ተቀመጥ» አለችው፣ «ገና አልጨረስንም።»